ዝቅ የሚያደርገኝ ምስክር ፍለጋ

የአገሬ ሰው ሲመርቅ «ከፍ ከፍ ያድርግህ» ይላል። ወዴት ከፍ፣ እስከ ስንት ከፍ፣ ከፍ ካሉ በኋላስ በምን ይወረዳል ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኔ ግን ይህን ምርቃት ስሰማ ዛሬም እደነግጣለሁ። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ጊዜ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ አንድ ወር ሙሉ የተንከራተትኩት «እባካችሁ ዝቅ አድርጉኝ» እያልኩ ነበርና። ዝቅ የሚያደርገኝ ሰው አጣሁ። ለመዋረድ ፈልጎ አዋራጅ የቸገረው ሰው ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም።

ነገሩ የተጀመረው በገንፎ ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ ካምፕ ውስጥ እኖር ነበር። እዚያ እንዴት እንደደረስኩ አልተርክም። በዚያ ዘመን ድንበር የተሻገረ አስተማሪ ሁሉ ታሪኩ አንድ ነው፤ ባለቤቱን ራሱን ሰልችቶታል። እኔ ከረሃቡ ጥቂት ዓመታት ቀድሜ በሌላ ጣጣ የመጣሁ ነኝ፤ ሰሊጥ ሳጭድ፣ ጆንያ ስሰፋ ቆይቻለሁ። ኋላ ረሃቡ ሰዉን በእግሩ ነድቶ ሲያመጣው ካምፑ በአንድ ክረምት ሦስት እጥፍ ሆነ። ልጆቹ ቀኑን ሙሉ የሎሪ መንገድ ላይ ፈዘው ተቀምጠው ሳያቸው ከሣርና ከእንጨት በተሠራች ዳስ፣ ሱዳኖች ራኩባ በሚሏት ጥላ ሥር ሰብስቤ ፊደል ማስቆጠር ጀመርኩ። ደግነት እንዳይመስላችሁ። ፈዞ የተቀመጠ ልጅ ማየት አልወድም፤ እንዲያው ሲረብሽ ይሻለኛል።

በካምፑ ደንብ ከአምስት ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ክሊኒኩ ወተት ይሰጠዋል። ቤተሰብ ደግሞ ሎሪው በመጣ ቀን ማሽላ ይሰፈርለታል። ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያለው ልጅ በሁለቱ መካከል ወድቋል። ለወተቱ ትልቅ ነው፤ ማሽላው ደግሞ ሎሪው ሲዘገይ መጀመሪያ የሚቀነሰው ከእሱ ድርሻ ነው። ይህን ያየች የእርዳታ ድርጅት ነርስ፣ ፀሐይ አፍንጫዋን የላጣት ረጅም ፈረንጅ፣ አንድ ቀን ከበርሜል የተቆረጠ ትልቅ ድስት አስጭና ራኩባችን አጠገብ አስወረደች።

«ትምህርት ቤት ከሆነ በየቀኑ ገንፎ ይኖራል» አለችኝ በአስተርጓሚ።

«ትምህርት ቤት ነው» አልኩ።

«ፈቃድ ያለው አስተማሪ አለው?»

ወደ ኋላዬ ዞሬ አየሁ፤ ከእኔ ሌላ አስተማሪ የለም። ነርሷ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ደንብ ነበረባት። እስከ ወሩ የመጨረሻ ሐሙስ እኩለ ቀን ድረስ የዚህ አገር መንግሥት የሰጠኝን የማስተማር ፈቃድ ካሳየኋት ድስቱ ይጣዳል፤ ካላሳየኋት ተጭኖ ወደ ሌላ ካምፕ ይሄዳል። እስከዚያ ድረስ ባዶውን ይቀመጣል። ዘጠና ሁለት ልጆች ባዶ ድስት አጠገብ ተቀምጠው «ሀሁ» ሲሉ አስቡት። ከእነዚያ ልጆች የአንዱንም ዓይን ወደ ሰሌዳው ማዞር አልቻልኩም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ድስቱን አይ ነበር።

ፈቃድስ ነበረኝ። አገሬ ሳለሁ ያገኘሁት፣ አንበሳና ማኅተም ያለበት ፈቃድ። ስሸሽ ሱሪዬ ገበር ውስጥ ሰፍቼው ጓንግን ስሻገር ወንዙ እስከ ደረት ደረሰኝ፤ ከዚያ ወዲህ ማኅተሙ ከሱሪዬ ጋር ተዛምዶ ቀረ። ከወረቀቱ የተረፈው አንበሳው፣ ፎቶዬና «የመጀመሪያ ደረጃ መምህር፣ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል» የምትል አንዲት መስመር ናት። ፎቶው ላይ ያለው ወጣት በር የማያስገባ ጎፈሬ አለው። እኔ ግን ካምፕ ውስጥ ሳለሁ ራሴ እንደ ቅል ተልጦ ነበር።

ፈቃድ ማዛወር ቀላል ይመስላል። አገሬ ሳለሁ ከአንድ አውራጃ ወደ ሌላ አውራጃ ዝውውር ጠይቄ ሦስት ዓመት ጠብቄአለሁ፤ የተፈቀደልኝ በሸሸሁ በሳምንቱ ነው አሉ። መንግሥት ሲያዛውረኝ እኔ ራሴን አዛውሬ ነበር። አሁን ደግሞ ከመንግሥት ወደ መንግሥት በአንድ ወር ልዘዋወር ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱ ወደ ዓረብኛ መተርጎም ነበረበት። ለዚህ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ ሐጂ ሰይድ አሉ። ሐጂ የጎንደር ሰው ናቸው፣ የአዲስ ዓለም ሰፈር ልጅ፤ ጨርቅ ይሸጣሉ፣ በጨርቁ መካከል አንዲት የጽሕፈት መኪና አስቀምጠው የአገራቸውን ሰው ወረቀት በመሐላ ይተረጉማሉ። ማኅተማቸው በየቢሮው ይታወቃል። ወረቀቴን ገልብጠው አዩት።

«ይህቺ ብቻ ናት?»

«ይህቺ ብቻ ናት፣ ሐጂ።»

«አይ መምህር! አንቱን የሚያህል ሰው በአንዲት መስመር? ይህማ ነውር ነው።»

መነጽራቸውን አድርገው መኪናዋን ለአንድ ሰዓት ያህል መቱ። አንዷ መስመር ገጽ ተኩል ሆነች። ሲጨርሱ በአማርኛ ነገሩኝ። የጎንደር ሊቃውንት ቁንጮ ነኝ። ዕውቀቴ ከጣና ይሰፋል። ታናሽና ታላቁን፣ ሹምና ምስኪኑን በእኩል ዓይን አስተምሬአለሁ። «ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል» የምትለዋ «ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የዕውቀት ደረጃ» ሆናለች።

«ትንሽ አልበዛም፣ ሐጂ?»

«ምኑ በዛ! እኔ የአገሬን ሰው በባዕድ ፊት አሳንሼ አላውቅም፤ ወደፊትም አላሳንስም።»

እዚህ ላይ ጥፋቱ የሐጂ ብቻ ነው ብል እዋሻለሁ። በእኛ ወግ ሰውን በፊቱ ማሳነስ ነውር ነው፣ ያከበረህን ሰው ደግሞ «ክብርህን መልሰህ ውሰድ» ማለት የባሰ ነውር ነው። ይሉኝታ ያዘኝ። ከይሉኝታው በታች ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፦ ደስ ብሎኛል። ስንት ዓመት «ያ ላጂእ»፣ አንተ ስደተኛ፣ ስባል የኖርኩ ሰው ነኝ። መጽሐፍም አነብ ነበርና ጣና ቢበዛ እንኳ አንድ መለስተኛ ኩሬ አይነፈገኝም ብዬ ሳስብ ቆይቻለሁ። ማኅተሙ ጧ ብሎ ሲያርፍ አላስቆምኩትም። ሲያጌጡ ይመላለጡ ይባላል፤ የተመላለጥኩት በማግስቱ ነው።

ፈቃድ የሚሰጠው የገዳሪፍ ትምህርት ቢሮ ሙዲር፣ ማለትም ኃላፊው፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነበር። ትርጉሙን አንብቦ ሲጨርስ ከወንበሩ ተነሣ። እኔን ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝ። ሻይ አስመጣ። ሁለተኛ ሻይ አስመጣ። በሦስተኛው ሻይ ፋይሉን በሁለት እጁ አቅርቦ መለሰልኝ።

«ይህ ከእኔ ሥልጣን በላይ ነው፣ ኡስታዝ። ይህን የመሰለ ሊቅ ራኩባ ሥር ፊደል እንዲያስቆጥር ፈቃድ ብሰጥ ነገ ምን እባላለሁ? ካርቱም መሄድ አለበት።»

«ካርቱም ስንት ጊዜ ይቆያል?»

«ኢንሻአላህ፣ ዓመት አይሞላም።»

ደንግጬ እውነቱን ነገርኩት፤ ትርጉሙ የተጋነነ ነው፣ እኔ ተራ የልጆች አስተማሪ ነኝ አልኩ። ፈገግ አለ። ሊቅ ሁልጊዜ ትሑት ነው አለኝ። ሊቅ አይደለሁም አልኩ። ትልቅ ሊቅ እንደዚህ ነው የሚናገረው አለ። ጣና የሚባለውን ነገር በዓይኔ እንኳ ያየሁት ሁለት ጊዜ ነው ብዬ ጮህኩ፤ አራተኛ ሻይ አዘዘልኝ። ራሴን ዝቅ ባደረግሁ ቁጥር ከፍ እያልኩ፣ ከወንበሩ ላይ መውረድ አቃተኝ። በመጨረሻ አዘነልኝና መንገድ አሳየኝ። አገርህ ሳለህ የሚያውቅህ ሰው መጥቶ በመሐላ «ይህ ሰው ትንሽ አስተማሪ ነበር» ካለ የሐጂን ወረቀት ትቼ የምስክሩን ቃል እይዛለሁ አለኝ።

በቅድሚያ ወደ ሐጂ ተመለስኩ። ያርሙልኝ ብዬ ብለምናቸው ፊታቸው ጠቆረ። «ማኅተሜ አርፎበታል። ዛሬ አንቱን ዋሸሁ ብል ነገ የማንን እውነት ልተረጉም ነው?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጨርቅ ለመለካት ዞር አሉ።

ካምፕ ውስጥ ጎረቤቴ አያ ካሴ ነበሩ፤ የአርማጭሆ ገበሬ፣ ቃላቸው አንድ የሆነ፣ የልጅ ልጃቸው ከእኔ ዘንድ ፊደል የምትቆጥር። ልጅቷ በየማለዳው እጅ አውጥታ «ጋሼ፣ ድስቱ ዛሬ ነው?» ትለኛለች። እኔም «ነገ ነው» እላለሁ። የሱዳን ቢሮዎች ቡክራ፣ ነገ ና፣ ሲሉኝ ስበሳጭ ከርሜ እኔው ራሴ የቡክራ ቢሮ ሆኜ ቁጭ አልኩ። ለአያ ካሴ ነገሩን በደንብ አስረዳኋቸው። «ትንሽ አስተማሪ ነው ብቻ ይበሉ፣ አያ። ሌላ አይጨምሩ።»

«ይህ ምን ችግር አለው? ትንሽ ነህ፣ ትንሽ እልሃለሁ» አሉኝ።

ሙዲሩ ፊት ቀረብን። አስተርጓሚው «ይህን ሰው ታውቀዋለህ?» አላቸው። አያ ካሴ ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው ቀና አሉ።

«ይሄን? ይሄንን የማያውቅ ማን አለ? ደጃዝማቾቹ ሲጨንቃቸው የሚያማክሩት ሰው እኮ ነው!»

ጸሐፊው ጻፈው። ሊቅ ሆኜ ገብቼ አማካሪ ሆኜ ወጣሁ። በረንዳው ላይ ክንዳቸውን ያዝኳቸው።

«አያ ካሴ፣ ምን አደረጉኝ?»

«እኔ ምን አውቄ። አፌ እምቢ አለኝ።»

«የልጅ ልጅዎት እኮ ናት የምትራበው!»

«አውቃለሁ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከእኔ እያሸሹ። «ስንነሣ ልናገረው ነበር። ነገር ግን በሰው አገር፣ በሰው ፊት፣ ያገሬን መምህር... አፌን ምን ላድርገው?»

ወደ ካምፕ ተመለስን። ረሃብ ብዙ ነገር ከሰው ላይ ገፎ እንደሚወስድ አንብቤአለሁ፤ አይቻለሁም። ይሉኝታን ግን አልወሰደም። መውሰድ ካለበት እሱን መጀመሪያ ቢወስድልኝ ምን ነበረበት?

በማግስቱ ሌላ ሁለት ሰው ሞከርኩ። በአንዱ የቅኔ ዐዋቂ፣ በሌላው የጄኔራል አጎት ሆንኩ። ሐሙስ ሊሆን ሦስት ቀን ሲቀር ልጅቷ እጅ ማውጣት ተወች። ጉልበቷ ላይ ራሷን አስደግፋ ዝም ብላ መቀመጥ ጀመረች፤ ሌሎቹም እንደሷ። ያን ጊዜ ነው የሚወደኝ ሰው እንደማይጠቅመኝ የገባኝ። የሚጠላኝ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። እሱም እግዚአብሔር ይመስገን ገዳሪፍ ውስጥ አንድ አለ።

ፈንታ ይባላል። ከጭልጋ በታች በነበረች ትንሽ ትምህርት ቤት አስተምሬዋለሁ፤ ስድስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ጥዬዋለሁ። በሁለተኛው ውድቀቱ ተናድዶ ወደ ሱዳን ለአዝመራ ወረደና በዚያው ቀረ። አሁን የእርዳታ እህል በሚራገፍበት ጎተራ የጫኞች አለቃ ነው፤ ደረቱ በር ያክላል። ሦስት ዓመት ሙሉ ገበያ ውስጥ ሳየው ስሸሸው ኖሬአለሁ። በዚያን ቀን ግን እየፈለግሁት ሄድኩ።

«ፈንታ» አልኩት ከጆንያ ክምሩ ሥር።

ዞሮ አየኝ። መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ለጫኞቹ ጮኸ። «እናንተ ኑ! ስድስተኛ ክፍልን ሁለቴ የጣለኝ ሰውዬ ይሄውላችሁ!» ጫኞቹ ጆንያቸውን እንደተሸከሙ አዩኝ። አንዱ «ይሄ ቀጭን?» አለ።

«ለአንድ ጉዳይ ነው የመጣሁት» አልኩ።

«ደግሞ ዘንድሮ ከምን ሊጥሉኝ ነው ጋሼ?»

«ቢሮ ሄደህ እንድትሰድበኝ ነው።»

ጆንያ ላይ ቁጭ አለ። ነገሩን ከመጀመሪያው አስረዳሁት። ድስቱን ስነግረው ጎንበስ ብሎ አዳመጠ፣ ሊቅነቴን ስነግረው ሳቀ።

«እና ምን ልበል?»

«እውነቱን። ትንሽ አስተማሪ ነበር በል።»

«መጽሐፍ ላይ አፍጥጦ እኛን የሚረሳ ነበር ልበል?»

«በል።»

«ክፍልፋይ ሲያስተምር ራሱ የሚሳሳት ነበር ልበል?»

«እሱን እንኳ...»

«ልበል ወይስ አልበል?»

«በል።»

«ሒሳብ አርባ ዘጠኝ አምጥቼ በአንድ ማርክ የጣለኝ ልበል?»

«አርባ ስድስት ነው ያመጣኸው።»

«አርባ ዘጠኝ ነው ጋሼ!»

«አርባ ስድስት ነው፣ ፈንታ።»

ተነሣ። ጆንያውን ሊሸከም ጎንበስ አለ። ልብ በሉ፤ ልመና ላይ ነኝ፣ ዘጠና ሁለት ልጆች አንጀታቸው ታጥፎ ይጠብቁኛል፣ እኔ ሦስት ማርክ መልቀቅ አልቻልኩም። ሰው ሁሉ የሚሞትለት ነገር አለው ይባላል፤ የእኔው ይህቺ ሆና ብታሳፍረኝም እውነት ናት። ላቤን ጠረግሁ።

«አርባ ዘጠኝ ይሁን» አልኩት።

«ሐሙስ በጠዋት እመጣለሁ» አለ፣ ጥርሱ ሁሉ እየታየ። «ይህንን ቀን ስንት ዓመት ጠበቅሁት መሰለዎት?»

ሐሙስ በጠዋት ታጥቦ፣ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ መጣ። ሙዲሩ መጀመሪያ እሱን ብቻ አስገባው። እኔ በረንዳው ላይ በመስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። የፈንታ ዓረብኛ እንደ ውኃ ይወርዳል። ምሎ ጀመረ። ይህ ሰው ምንም አያውቅም አለ። ከመጽሐፍ ሌላ ወዳጅ የለውም፣ ማንም ያለውን ነገር ሁሉ ተቃራኒውን ካልተናገረ እንቅልፍ አይወስደውም፣ ድምፁ ያስተኛል፣ ጠመኔ ይበላል አለ። እኔ ውጭ ሆኜ በእርካታ ራሴን እነቀንቃለሁ። ጠመኔው ላይ ትንሽ ከፋኝ። እንዴት ያለ ምስክር ነው! ጸሐፊው ሲጽፍ የብዕሩ ድምፅ ይሰማኛል።

ከዚያ ሙዲሩ «ባለጉዳዩ ይግባና በፊቱ ይድገመው» አለ።

ገባሁ።

ፈንታ ወንበሩ ላይ ተንሰራፍቶ፣ እግሩን አነባብሮ ነበር። በሩ ላይ ሲያየኝ ብድግ አለ። ማንም አላዘዘውም። ያ በር የሚያክል ሰው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ እንደ ሰልፍ ቀጥ ብሎ ቆመ። ጠዋት ጠዋት ክፍል ስገባ ሁሉም እንዲያ ነበር የሚቆሙት፤ ቁጭ በሉ እስክል ድረስ።

«ቀጥል» አለው ሙዲሩ።

ፈንታ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም።

«ስለ ጠመኔው ድገምለት እንጂ።»

ፈንታ ላብ አጠመቀው። «እሱ... ጋሼ ናቸው» አለ በአማርኛ።

እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። አለቀ። ድስቱ ሎሪ ላይ ሲጫን ታየኝ። ሙዲሩ ግን ብዕሩን አስቀምጦ ወደ ፈንታ ዞረ።

«ስንተኛ ክፍል ነው ያስተማረህ?»

«ስድስተኛ... ሁለት ጊዜ።»

ሙዲሩ ሳቀ። ፋይሉን ወደ ራሱ ሳበ። «እኔ ካርቱም ያስተማሩኝን ሊቃውንት መንገድ ላይ ሳገኛቸው ሰላም ብዬ አልፋለሁ» አለ። «ሲጋራዬን ጥዬ ቀጥ የምልለት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አሊፍ ያስቆጠረኝ። እሱም አህያ እያለ ሲጠራኝ የኖረ ሰው ነው።» ከዚያ የሐጂን ገጽ ተኩል፣ የአያ ካሴን ደጃዝማቾች፣ ጄኔራሉን ጨምሮ በአንድ መስመር ሰረዛቸውና ጻፈ። አንድ መስመር ነበረች፤ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ።

ፈንታ አሁንም ቆሟል። ለካስ እኔን ይጠብቃል። «ቁጭ በል» አልኩት፤ ተቀመጠ።

ማኅተም የያዘው ሰው ግን ፉጡር ሄዶ ነበር። ፉጡር ማለት ቁርስ ነው፣ ግን በእኛ ቁርስ እንዳትለኩት፤ የሱዳን ቢሮ ከረፋድ በፊት ሻይ ጠጥቶ ይሠራል፣ ረፋድ ላይ ለፉል ይወጣል፣ ፉሉም የሚበላው በወሬ ነው። አምስት ሰዓት ሲሆን ሰውዬው ጢሙን እየጠረገ ተመለሰ። ፈንታ ወደ ጎተራው ሮጦ እህል የጫነ ሎሪ በእኛ በኩል እንዲያልፍ አደረገ፤ ጆንያ ላይ ተቀምጠን፣ እኔ ወረቀቱን በሁለት እጄ ይዤ ነጎድን።

«ክፍልፋይ ጋ እኮ አልደረስኩም ነበር» አለኝ ከአቧራው ውስጥ፣ እንደ መቆጨት።

ስንደርስ ፀሐይዋ መሐል አናት ላይ ነበረች። ነርሷ ድስቱ አጠገብ ቆማ ሰዓቷን ታያለች። ወረቀቱን ሰጠኋት። ዘቅዝቃ ያዘችው። ዓረብኛ አታነብም፤ ከላይ እስከ ታች፣ ማለትም ከታች እስከ ላይ በጥሞና አየችውና «ጥሩ» አለች። ማኅተሙ ላይ በጣቷ ነካ አድርጋ መለሰችልኝ። ለመቃወም አፌን ከፈትኩ፤ ልማድ ነው። ከዚያ ከኋላዬ እሳት ሲቀጣጠል ሰማሁና ዘጋሁት።

ልጆቹ ቆርቆሯቸውን ይዘው ተሰለፉ። አያ ካሴ ማንም ሳያዛቸው እንጨት ያቀርባሉ፤ እኔን አያዩኝም። ዘጠና ሁለቱም በልተው ሲጨርሱ ወደ ራኩባው አስገባኋቸው። በሁለት መንግሥታት ፈቃድ ያለኝ መምህር ሆኜ የማስተምረው የመጀመሪያው ትምህርት ነውና ጉሮሮዬን ጠራርጌ ሰሌዳው ላይ «ሀ»ን በትልቁ ጻፍኩ። ስዞር ግማሾቹ ተኝተዋል። «ሁ»ን ጽፌ ስዞር ሁሉም ተኝተዋል። አንዱ ባንዱ ላይ ተደጋግፈው፣ አፋቸው ዙሪያ ገንፎ እንደደረቀ፣ ዘጠና ሁለት ልጆች ያንኮራፋሉ።

ጠመኔውን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ፈንታ ከራኩባው ምሰሶ አጠገብ ሆኖ ያያል።

«ጋሼ» አለኝ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እኛ ብንሆን ኖሮ እኮ በኩርኩም ነበር!»

«ዝም በል» አልኩት። «ትቀሰቅሳቸዋለህ።»